ምግብ ያልሆነ ነገር የመብላት አመል ስለሚያመጣው ጕዳት

ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ማንበብ ለሚችሉ የአገር ሽማግሎች የተጻፈ

ሕፃን ልጅ ገና መቆም ሳይችል በእጁ የገባውን ሁሉ፥ ጠጠርም ቢሆን፥ ጭራሮም ቢሆን፥ የእናቱ የነጠላ ጥለትም ቢሆን፥ ወደ አፉ ይወስዳል። ዓለምን የሚመረምረው በአፉ ነውና ይህን በሽታ አንለውም። ነገር ግን ሁለት ዓመት ካለፈው በኋላ ምግብ የሆነውንና ያልሆነውን ለይቶ ሲያውቅ፥ አፈር ወይም ከሰል ወይም አመድ እየፈለገ የሚበላ፥ ይህንንም አንድ ወር ያህል ወይም ከዚያ በላይ የማይተው ልጅ ቢገኝ፥ ነገሩ ሌላ ነው። እንዲሁም ትልቅ ሰው፥ ይልቁንም ነፍሰ ጡር ሴት፥ ሰው ሳያያት ከግድግዳው ምርግ እየፋቀች የምትበላ ብትሆን፥ ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ስለ እርሷ ነው።

የሚበላው ነገር ብዙ ዓይነት ነው። በአገራችን አብዝቶ የሚታወቀው አፈር ነው፤ ይኸውም ቀይ አፈር፥ የግድግዳ ጭቃ፥ የተሰበረ የሸክላ ገል ነው። ከዚህም ሌላ ከሰል፥ አመድ፥ ጠመኔ፥ ወረቀት፥ የራስ ጠጕር፥ ጥሬ ዱቄት፥ ሳሙና፥ ከግድግዳ የተላጠ ቀለም የሚበሉ አሉ። በከተማ ደግሞ ማቀዝቀዣ ባለበት ቤት በረዶ ሲቈረጥሙ የሚውሉ ይገኛሉ። በረዶው ራሱ የሚጐዳው ጥቂት ነው፤ የሚያመለክተው ነገር ግን ብዙ ስለ ሆነ ኋላ እናነሣዋለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢው አስቀድሞ ይወቅ።

እኔ ይህን ነገር በመጽሐፍ ከማንበቤ በፊት በዐይኔ አይቼዋለሁ። ዕድሜዬ 12 ዓመት ሲሆን ዜማ በምማርበት ደብር ከቆላ አገር የመጣ አንድ ተማሪ ከእኔ ጋር በአንድ ጎጆ ያድር ነበር። ሌሊት ሌሊት የመፋቅ ድምፅ እሰማ ነበርና አይጥ መስሎኝ ነበር። የሰኔ ዝናም ወርዶ ጭቃው ሲሸት ግን ልጁ ዐይኑ ተለውጦ፥ ራስጌው ካለው ግድግዳ ምርጉን በጥፍሩ እየፋቀ ሲበላ አየሁት። እንዳልናገርበት በእግዚአብሔር ስም ለመነኝ። እኔ ግን በነጋታው ለየኔታ ነገርሁ። እሳቸውም ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ዘመኑ ያወቀውን አደረጉ፤ በአለንጋ ገረፉት፥ ሁለተኛ ሲገኝም በርበሬ አጤሱበት። ልጁ ጭቃውን አልተወም፤ መሸሸግን ተማረ እንጂ። ከዚያ ወዲያ ግድግዳውን ትቶ ወደ ወንዙ ገደል ይሄድ ጀመር። አኰፋዳውን ይዞ ለቍራሽ ወደ መንደር ስንወጣ በዳገቱ መካከል ተቀምጦ እንደ ሽማግሌ ሲያለከልክ እኛ ሰነፍ እያልን እንስቅበት ነበር። መዳፉ ነጭ ነበረ፤ ከንፈሩም ነጭ ነበረ። ለጥምቀት ወደ አገሩ ሄደ፤ አልተመለሰም። በዚያው ዓመት ማረፉን የነገረን የአገሩ ነጋዴ ነው። አፈሩ ገደለው ብለን ተናገርን። ዛሬ ግን ከሐኪሞች የተማርሁትን ይዤ የዚያን ልጅ መዳፍ ባሰብሁ ጊዜ፥ አፈሩ ከበሽታው የመጣ ምልክት እንደ ነበረ፥ በሽታውም በዐይናችን ፊት ተጽፎ ሳናነበው እንደ ቀረን አያለሁ።

ስለ ስሙና ስለ ጥንታዊነቱ

የአውሮፓ ሐኪሞች ይህን አመል ፒካ ይሉታል። ፒካ በላቲን ቋንቋ የአንድ ወፍ ስም ነው፤ ወፉም ጥቁርና ነጭ የሆነ፥ ከቍራ ወገን የሚቈጠር፥ ያገኘውን ሁሉ በአፉ የሚያነሣ ስለ ሆነ በእርሱ ስም ሰየሙት። ነገሩም አዲስ አይደለም። በጽርዕ አገር በሂፖክራተስ ስም በሚጠሩት የሕክምና መጻሕፍት አፈርና ከሰል ስለሚያምራት ነፍሰ ጡር ሴት ተጽፏል፤ ከዚያም በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረ ኤቲዮስ ዘአሚዳ የተባለ ሐኪም ስለዚሁ ነገር ጽፏል። እኛም ለነፍሰ ጡር ፍላጎት አምሮት የሚል የራሳችን ቃል አለን። አምሮቷን ያጣች ሴት ያስወርዳታል የሚሉ ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ ያማራት ሥጋ ወይም ማር እንደ ሆነ ጎረቤት ሁሉ ይሯሯጥላታል። ያማራት አፈር የሆነ እንደ ሆነ ግን ታፍራለችና ለባሏም ለእናቷም አትናገርም። ሐኪምም ቢሆን አፈር ትበያለሽን ብሎ ካልጠየቃት በራሷ አታወጣውም። ስለዚህ የዚህ በሽታ የመጀመሪያው ክፋቱ መሰወሩ ነው።

ቅጣት ይህን አመል እንደማያድን ዓለም በመራራ መንገድ አይቶታል። በቀድሞ ዘመን ከአፍሪካ ተግዘው ወደ ካሪቢያን ደሴቶችና ወደ አሜሪካ የተወሰዱ ባሮች አፈር ሲበሉ በተገኙ ጊዜ፥ ጌቶቻቸው በፊታቸው ላይ አፍን የሚዘጋ የብረት ጭምብል ያስሩባቸው ነበር። እነዚያ ሰዎች የተራቡ፥ በትል ደማቸው የተመጠጠ፥ በኀዘን የተሰበሩ ነበሩ፤ ጭምብሉ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን እንኳ አላስወገደም።

በደም ውስጥ ስላለው ብረት

ደማችን ከምንተነፍሰው አየር ሕይወት የሚሰጠውን ክፍል ተሸክሞ ወደ አካላችን ሁሉ የሚያደርሰው በውስጡ ባለው ብረት ነው። የአንድ አዋቂ ሰው የሰውነቱ ብረት ሁሉ ቢሰበሰብ ከ3 እስከ 4 ግራም ያህል ቢሆን ነው፤ ከአንድ ሚስማር የሚበልጥ አይደለም። ነገር ግን ይህች ሚስማር የጐደለች እንደ ሆነ ሰው ይደክማል፥ ዳገት ሲወጣ ልቡ ይመታል፥ መዳፉና የታችኛው የዐይኑ ቆብ ውስጡ ይነጣል፥ ልጅ የሆነ እንደ ሆነ ትምህርቱ አይገባውም። ይህ የደም ማነስ ይባላል። ነፍሰ ጡር ሴት ለራሷም ለጽንሱም ደም ስለምትሠራ፥ በእርግዝናዋ ወራት ሁሉ 1 ግራም ያህል ተጨማሪ ብረት ያስፈልጋታል።

አፈርና በረዶ የሚበሉ ሰዎች ሲመረመሩ ብዙዎቹ ብረት የጐደላቸው ሆነው ይገኛሉ። የሚያስደንቀውም ይህ ነው፤ ብረት በመድኃኒት መልክ በተሰጣቸው ጊዜ፥ ደማቸው ገና ሳይሞላ፥ ከብዙዎቹ አምሮቱ አስቀድሞ ይለቃል። ይልቁንም በረዶ የመቈርጠም አመል በጥቂት ቀን የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በረዶ የምትቈረጥም ሴት ብታዩ ቅንጦት ነው ብላችሁ አትለፏት፤ ደሟን ትታይ።

ሰው እንዲህ ሊል ይችላል፤ አፈር ውስጥ ብረት አለና፥ አካሉ የጐደለውን ፈልጎ አፈር መብላቱ መልካም አይደለምን? ይህ ብልህ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን በተቃራኒው ነው። አፈር ውስጥ ያለው ብረት አብዛኛው አንጀት ሊቀበለው በማይችል መልክ የተያዘ ነው። ከዚህም የሚብሰው፥ አንዳንድ የሸክላ አፈር በምግብ የመጣውን ብረት ይዞ ወደ ውጭ ይወስደዋል። በቱርክ አገር አፈር ስለሚበሉ ሰዎች በ1968 በታተመ ምርምር የዚያ አገር ሸክላ አፈር ብረት ወደ ደም እንዳይገባ እንደሚከለክል ታይቷል። እንግዲህ ማነሱ አፈር ያስበላል፤ አፈሩም ማነሱን ያብሳል፤ ይህ እንደ ወፍጮ የሚዞር ነገር ነው።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል፥ የእኛን ገበሬ ሊያስደንቅ የሚገባ ነገር በጤፋችንም አለ። ጤፍ ብረት የበዛበት እህል ነው ሲባል እንሰማለን፤ እውነት ነው። ነገር ግን በምርመራ ከተገኘው ብረት ከፊሉ ጤፉ በበሬ እግር ሲበራይ ከአውድማው አፈር የተጣበቀበት ነው፤ ከዚህም አካላችን የሚጠቀመው ጥቂት ነው። ደግሞም በእህል ሁሉ ገለፈት ውስጥ ፋይቴት የሚባል ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዝ ነገር አለ። እናቶቻችን ሊጡን በእርሾ ሁለትና ሦስት ቀን ማቡካታቸው ይህን እስራት ስለሚያላላ፥ በደንብ የቦካ እንጀራ ሳይቦካ ከተጋገረ ቂጣ ይሻላል። ሻይና ቡናም ከምግብ ጋር በተጠጡ ጊዜ ብረቱን ያግዱታል። ቡና ተዉ አልልም፥ ማንም አይሰማኝምና፤ ነገር ግን ደም ያነሳት ሴት ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ወይም ሁለት ሰዓት ቆይታ ብትጠጣ ይጠቅማታል። ሎሚ በአንጻሩ ብረትን ያስገባል። ሥጋና ጉበት ከሁሉ የሚበልጥ ብረት ይሰጣሉ፤ የጾም ወራት ሲሆን ምስርና ጎመን ከሎሚ ጋር ይረዳሉ። ደሟ የወረደ ነፍሰ ጡር ሴት ግን ስለ ጾሟ ከንስሐ አባቷ ጋር ትመካከር፤ አባቶችም ይህን የሐኪም ነገር ሰምተው እንዲፈቱላት ይገባል።

ስለ ዚንክ ደግሞ በፋርስ አገር የሆነውን ልንገራችሁ። በ1958 አናንዳ ፕራሳድ የሚባል የህንድ ተወላጅ ሐኪም በሺራዝ ከተማ ሳለ፥ ዕድሜው 21 ዓመት የሆነ፥ መልኩና ቁመቱ ግን የ10 ዓመት ልጅ የሚመስል አንድ ሰው ወደ እርሱ አመጡ። ጢም አላበቀለም፤ ጕልማሳነትም አልደረሰበትም፤ ደሙም እጅግ ያነሰ ነበር። ምግቡ ያልቦካ ቂጣ ብቻ ሲሆን፥ በዚያ ላይ በየቀኑ ግማሽ ኪሎ ያህል ሸክላ አፈር ይበላ ነበር። እንዲህ ያሉ ሌሎችም በዚያ አገር ተገኙ፤ በ1961 ስለ እነርሱ ጽሑፍ ታተመ። ሐኪሙም ኋላ ወደ ግብፅ ሄዶ እድገታቸው የቆመ ሌሎች ጐበዞችን መረመረና በ1963 በደማቸው ዚንክ መጕደሉን አሳየ። ከዚያ በፊት ዚንክ ለሰው እድገት የሚያስፈልግ መሆኑን የሚያምን ሐኪም ጥቂት ነበር። መልካም ምግብ ባገኙ ጊዜ፥ በኋላም ዚንክ በተጨመረላቸው ጊዜ፥ እነዚያ ልጅ መሳይ ጐበዞች ማደግ ጀመሩ። በክፍላችሁ ውስጥ ከእኩዮቹ ሁሉ አጥሮ የቀረ፥ ከወንበሩም ሥር አፈር የሚለቅም ልጅ ካለ ይህን ታሪክ አስቡ።

አፈሩ ይዞት ስለሚገባው ነገር

አፈር ንጹሕ ሸክላ ብቻ አይደለም። ሰው በሜዳ በተጸዳዳበት አገር፥ በጓሮው አፈር ውስጥ የወስፋት እንቍላል አለ። አንዲት ሴት ወስፋት በቀን እስከ 200 ሺህ እንቍላል ትጥላለች፤ እንቍላሉም በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ከአፈር ጋር የዋጠው ልጅ በሆዱ ይፈለፈልለታል፤ ታናናሹ ትል በደም ተጕዞ በሳምባ ያልፋል፥ በጕሮሮም ተመልሶ ወደ አንጀት ይገባል፥ በዚያም እንደ ብዕር ወፍሮ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ይረዝማል። የበዛ እንደ ሆነ ተጠላልፎ አንጀትን ይዘጋል። ውሻና ድመት ካሉበት ግቢ አፈር የሚመጣ ሌላ ትል ደግሞ የዐይን ብርሃን እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ላቅና። ብዙ ሰዎች ደም የሚመጠው ትል የሚገባው አፈር በመብላት ነው ይላሉ። ያ ቀጭን ትል፥ አንጀትን ነክሶ ደም የሚጠጣው፥ ዋናው በሩ ባዶ እግር ነው፤ በእርጥብ አፈር ላይ ሳለ በእግር ቆዳ በኩል ይገባል። እርሱ ደምን ያሳንሳል፤ የደም ማነሱ አፈር ያስመኛል፤ የሚበላው አፈር ደግሞ ወስፋትን ይጨምራል። ስለዚህ ጫማ የሌለውን ልጅ አፈር አትብላ ብሎ መክሮ እግሩን መርሳት ሥራውን በግማሽ መተው ነው። ወባም የደምን ቀይ ሕዋሳት እያፈረሰች በዚህ ላይ ትጨመራለች።

አፈሩ ራሱም በአንጀት ተጋግሮ ሆድ ያደርቃል፥ አልፎ አልፎም አንጀትን ፈጽሞ ይዘጋል። በውስጡ ያለው ጠጠር ጥርስን ይፍቃል። ብዙ ሸክላ የሚበሉ አንዳንድ ሰዎች ፖታሲየም የሚባለው የደም ጨው ወርዶባቸው እግራቸው እስኪዝል ጡንቻቸው ደክሟል። ጠጕር የሚበሉትም፥ አብዛኞቹ ልጃገረዶች ናቸው፥ ጠጕሩ አይፈጭምና በጨጓራ ውስጥ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ የጨጓራውን ቅርጽ ይይዛል፤ ከዚያ ወዲያ ከቀዶ ሕክምና በቀር ማውጫ የለውም።

ስለ እርሳስ መርዝ

ከሁሉ የከፋው ግን የማይታየው ነው፤ እርሱም እርሳስ ነው። በአውስትራልያ አገር በብሪዝበን ከተማ ከ1890 በኋላ ባሉት ዓመታት ሕፃናት ሆዳቸውን እየቈረጣቸው፥ እጅና እግራቸው እየሰለለ፥ አንዳንዱም ዐይኑ እየጠፋ ወደ ሐኪም ይመጡ ነበር። ሐኪሞቹ የእርሳስ መርዝ መሆኑን ዐወቁ፤ ከየት እንደ መጣ ግን ብዙ ፈለጉ። ውሃው ነው ተባለ፤ አልሆነም። በ1904 ሎክሃርት ጊብሰን የተባለ የዐይን ሐኪም የእንጨት ቤቶቹን የሰገነት አጥር በእጁ ዳሰሰ። ፀሐይ ያደረቀው የእርሳስ ቀለም ዱቄት ሆኖ በመዳፉ ላይ ቀረ። ሕፃናቱ በላብ የራሰ እጃቸውን በአጥሩ ላይ አሳርፈው ጣታቸውን ይጠቡ፥ ጥፍራቸውን ይበሉ ነበር። ለዚህ ነገር ሕግ እስኪወጣ ድረስ ግን እስከ 1922 መቆየት አስፈለገ። ሰው እውነትን ከማግኘት ይልቅ እውነትን በመቀበል እንዴት እንደሚዘገይ ከዚህ ይታያል።

ይህ የሩቅ ዘመን ነገር ብቻ አይደለም። በ2010 በናይጄርያ በዛምፋራ ግዛት የወርቅ ድንጋይ በየቤቱ ግቢ ሲፈጩ፥ ድንጋዩ እርሳስ ስለ ነበረበት የመንደሩ አፈር ተመረዘ፤ በዚያ አፈር ላይ ይጫወቱ የነበሩ ከ400 የማያንሱ ሕፃናት ሞቱ። የሕፃን ሰውነት ከዋጠው እርሳስ ከአዋቂ ሰውነት 4 ወይም 5 እጥፍ ይቀበላል፤ ብረት የጐደለው ሕፃን ደግሞ ከዚያም አብልጦ ይቀበላል። የእርሳስ ጕዳት በአእምሮ ላይ ነው፤ ከሞት የተረፈውን ልጅ ደነዝና ቍጡ አድርጎ ያስቀረዋል፥ ያም አይመለስም። የማይጐዳ ነው የሚባል የእርሳስ መጠን የለም። ስለዚህ ያረጀ የመኪና ባትሪ በተሰበረበት፥ እርሳስ በቀለጠበት፥ የቆየ ቀለም በተላጠበት ስፍራ ልጆች እንዳይጫወቱ ሽማግሎች ይከልክሉ።

በነገራችን ላይ ተማሪዎች የሚጽፉበትን እንጨት እርሳስ ብለን ስለምንጠራው፥ ጫፉን የሚያኝክ ልጅ ተመረዘ ብለው የሚደነግጡ አሉ። ስሙ አሳስቷቸው ነው። ውስጡ ያለው ጥቁር ነገር ከሸክላ ጋር የተለወሰ ግራፋይት የሚባል የከሰል ወገን እንጂ እርሳስ አይደለም።

ሽማግሎች ስለሚጠይቁት

አንድ የተከበሩ ሽማግሌ፥ ከብቶቻችን ቦሌ በልተው ይወፍሩ የለምን፥ ለሰውስ ምን ይከፋል ብለው ጠይቀውኛል። ከብት ቦሌ የሚልሰው በውስጡ ስላለው ጨው ነው፤ ሆዱም ከሰው ሆድ የተለየ ነው። ይልቁንም ከብትም ቢሆን ሲጐድልበት ያልተገባ ነገር ይበላል። በደቡብ አፍሪካ አርኖልድ ታይለር የተባለ የከብት ሐኪም በ1920 አካባቢ እንዳሳየው፥ ሳሩ ፎስፎረስ ባነሰበት ሜዳ የሚሰማሩ ከብቶች የበሰበሰ አጥንት እያኘኩ በአጥንቱ መርዝ ይሞቱ ነበር። የተፈጨ ንጹሕ አጥንት በተሰጣቸው ጊዜ አመሉን ተዉ። እረኛው ከብቱን በበትር ቢመልስ ኖሮ አይተዉትም ነበር።

አያቶቻችን አፈር በልተው ወልደዋል የሚሉም አሉ። አዎን፥ ወልደዋል፤ በወሊድ ደም ፈስሷቸው ያለፉትን ግን ማን ቈጠራቸው? ደም ያነሳት ሴት ሌላይቱ የምትችለውን የደም መፍሰስ አትችልም። አፈሩን በእሳት ብንጠብሰውስ ለሚሉ፥ እሳት የትሉን እንቍላል ይገድላል፥ እርሳሱን ግን አያወጣም፥ ብረትን ከማገድም አይከለክለውም። ለነፍሰ ጡሮች ተብሎ በገበያ ከሚሸጠው የሸክላ ድንጋይ ውስጥ የእንግሊዝ አገር የምግብ ተቈጣጣሪዎች እርሳስ አግኝተው ሕዝቡን አስጠንቅቀዋል። ካዎሊን የሚባለው ነጭ ሸክላ ቀድሞ ለተቅማጥ መድኃኒት ይሰጥ እንደ ነበረ አልክድም፤ በመጠን የተሰጠ የተጣራ መድኃኒትና ከገደል የተቧጨረ አፈር ግን አንድ አይደሉም።

ስለ እምነትም ጠይቀውኛል። ከቤተ ክርስቲያን ለበረከት የሚወሰድ ቍንጥር እምነት እዚህ ከምንናገረው ነገር ጋር የሚቈጠር አይደለም፤ የምንናገረው ሰው ሊገታው ስለማይችል አምሮት ነው። እምነት ነው እያለች በየቀኑ በእፍኝ የምትወስድ ሴት ብትገኝ ግን ቄሱ ራሳቸው ወደ ሐኪም ይላኳት። ዛር ነው፥ ቡዳ ነው ብለው ክታብ የሚያስጽፉም አሉ። እኔም ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣሁ ነኝና የብራናውን ዋጋ አውቃለሁ፤ ደም ግን አይጨምርም።

መምህሩ ሊያደርገው ስለሚገባ

ልጁን በክፍል መካከል አትጥሩት፤ አትምቱትም። ብቻውን አቅርባችሁ በለሰለሰ ቃል፥ አፈር የሚያምራቸው ብዙ ልጆች አሉ፥ አንተንስ ያምርሃልን ብላችሁ ጠይቁት። በዚህ መንገድ ሲጠየቅ የሚክድ ጥቂት ነው። ምን እንደሚበላ፥ ከየት እንደሚያመጣው፥ ምን ያህል ጊዜ እንደ ሆነው ጽፋችሁ ያዙ፤ ሐኪሙ ይህን ይፈልገዋል። መዳፉንና የታችኛውን የዐይኑን ቆብ ውስጥ ከሌላ ጤነኛ ልጅ ጋር አስተያዩ። ከዚያም ከወላጆቹ ጋር ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሆዱ ተነፍቶ የሚያስመልስ፥ ዐይነ ምድርም የተቋረጠበት፥ ወይም የሚያንቀጠቅጠው ቢሆን ግን ያን ቀን ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ልጅ ከኀዘን የተነሣ፥ ወይም እናቱ ከሞተች በኋላ፥ ወይም አእምሮው ከልደቱ ጀምሮ ደካማ ስለ ሆነ ይህን አመል ሊይዝ ይችላል። ለእንዲህ ያለው ብረት ብቻ አይበቃውም፤ አጠገቡ ሰው ይሻል፥ እጁን የሚይዝለት ሥራና ጨዋታ ይሻል፥ በአፉ የሚያኝከው ቆሎ በኪሱ ቢኖርም ይረዳዋል።

ለትል የሚሰጠውን መድኃኒት የትምህርት ቤት ልጆች በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይወስዳሉ፤ የመስጫው ቀን ሲደርስ አፈር የሚበላው ልጅ እንዳይቀር መምህሩ ይጠብቀው። ነፍሰ ጡር ሴት ግን በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ይህን መድኃኒት አትውሰድ፤ በኋላም ቢሆን በሐኪም ቃል ይሁን። ኮሶም አትጠጣ፤ ኮሶ የሚታወቀው ለኮሶ ትል ነው እንጂ ለዚህ አይደለም፥ ለጽንሱም አደገኛ ነው።

ለነፍሰ ጡር ሴት በጤና ኬላ የሚሰጠው የብረት ክኒን ፎሊክ አሲድ ከሚባል ነገር ጋር የተቀላቀለ ነው፤ በየቀኑ አንድ ይዋጣል። ብዙ ሴቶች በሳምንቱ ይተዉታል፤ ስለ ምን ቢሉ፥ ዐይነ ምድርን ያጠቍራል፥ ሆድንም ጥቂት ይቈርጣል። መጥቈሩ ብረቱ ነው፤ ክፉ ምልክት አይደለም፤ ሆዷን የሚቈርጣት ከምግብ ጋር ትዋጠው። ደሙ ሞላ፥ አምሮቱም ለቀቀ ብላ ወዲያው አታቋርጥ፤ ሐኪሙ እስከ ወሰነው ቀን ድረስ፥ አብዛኛውን ጊዜ ደሙ ከሞላ በኋላ 3 ወር ያህል ትቀጥል፥ ተቀማጭ የሚሆን ብረት በሰውነቷ እንዲኖር። ክኒኑ ግን ቀይና ጣፋጭ መሳይ ስለ ሆነ ሕፃን ከረሜላ መስሎት ብዙውን በአንድ ጊዜ የዋጠ እንደ ሆነ ሊሞት ይችላል፤ ልጅ በማይደርስበት በከፍታ ላይ፥ በተዘጋ ሙዳይ ይቀመጥ። የክፍሉም የጠመኔ ሣጥን እንዲሁ ይቈለፍ፤ ቍልፉን መምህሩ ይያዘው።